ዩሪያ ያበዛንበት ስንዴ ከጎረቤታችን ስንዴ ለምን አነሰ?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ከአባታቸው ጋር በአርሲ ዞን፣ በዶዶታ ወረዳ፣ ከዴራ ከተማ ብዙ በማይርቅ ቦታ ያርሳሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ሄክታር ስንዴ ሰኔ 26 በመስመር ዘሩ፤ ሲዘሩ 100 ኪሎ ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ሰልፈር የያዘ ማዳበሪያ) እና 100 ኪሎ ዩሪያ (የናይትሮጅን ማዳበሪያ) ሰጡት፤ ነሐሴ 20 ደግሞ ሌላ 50 ኪሎ ዩሪያ በላዩ በተኑበት። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ሰብሉ ወደ ጥቁረት ያደላ አረንጓዴ ሆኖ መንገደኛ የሚያስቆም ነበር። ዝናቡ ነሐሴ 28 ጥሎ ቀረ፤ የተወቃው 14 ኩንታል የተጨማደደ ፍሬ ሆነ። ድንበርተኛቸው 50 ኪሎ ኤንፒኤስና 50 ኪሎ ዩሪያ ብቻ ተጠቅሞ 17 ኩንታል አስገባ። «ዩሪያ ለደረቅ አካባቢ አይሆንም ማለት ነው? ከሆነስ ስንት እናድርግ፣ መቼስ እናድርግ? ከዓምና የተረፈና እንደ ድንጋይ የረጋ አንድ ከረጢት ዩሪያም ቤታችን አለ» ይላሉ።

ከመልሱ ልጀምር፦ ዩሪያ ለዝናብ አጠር አካባቢም ይሆናል። የእርስዎን ሰብል የጎዳው ዩሪያ መግባቱ ሳይሆን፣ ክረምቱ ምን ያህል ውሃ እንደሚሰጥ ገና ሳይታወቅ አብዛኛው ማዳበሪያ በዘር ቀን መግባቱ፣ የቀረውም ውሃው ሊያልቅ በተቃረበበት ሰዓት መበተኑ ነው። ጎረቤትዎም ሞያ በልጦዎት ሳይሆን፣ ምናልባት የገንዘብ እጥረት ይዞት፣ ዓምና ለነበረው ዝናብ የተመጠነ ናይትሮጅን ስለሰጠ ነው የበለጠዎት። ዝናቡ እስከ መስከረም አጋማሽ ቢዘልቅ ኖሮ እርስዎ ይበልጡት ነበር።

በተክሉ ውስጥ የሆነውን እንመልከት። ናይትሮጅን በመጀመሪያ የሚሠራው ቅጠል ነው፤ ስንዴው ከሥሩ ብዙ የጎን ቡቃያ ያወጣል፣ ቅጠሉ ይሰፋል፣ መሬቱን ቶሎ ይሸፍናል። ይህ በራሱ መልካም ነው፤ ጥላው አፈሩን ከፀሐይ ይጋርዳል፣ አረሙንም ያፍናል። ነገር ግን ሰፊ ቅጠል ማለት ብዙ ውሃ የሚተን ሰብል ማለት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ስለነበረ ስንዴው ሳይቆጥብ ጠጣ፤ የዘነበውን ብቻ ሳይሆን ከታች የተጠራቀመውንም አብሮ ጨረሰው። ዝናቡ የቆመው ከተዘራ በ62ኛው ቀን፣ ማለትም ዛላው በሚወጣበት ጊዜ አካባቢ ነው፤ ፍሬው የሚሞላው ግን ከዚያ በኋላ ባሉት አንድ ወር ወይም ከዚያ ትንሽ በሚበልጡ ቀናት ነው። ስለዚህ የእርስዎ ስንዴ ብዙ ዛላ አውጥቶ ለመሙያው የሚሆን ውሃ አጣ። ከዚህ ሌላ፣ ስንዴ ድርቅ ሲመታው አገዳው ውስጥ ካከማቸው ስኳር እየወሰደ ፍሬውን የመሙላት ልማድ አለው፤ በናይትሮጅን ብዛት የተጨናነቀና እርስ በርሱ የተጋረደ ሰብል ግን ሁሉን ለቅጠልና ለቡቃያ ስላዋለው ይህ ክምችቱ አነስተኛ ነው። ደረቅ እርሻን በሰፊው የሚያርሱት የአውስትራሊያ ገበሬዎች ይህን ክስተት ጠንቅቀው ያውቁታል፤ በእነርሱ አነጋገር ሰብሉ «ድርቆሽ ሆነ» ይላሉ። ለከብት ጥሩ መኖ፣ ለጎተራ ግን ባዶ ዛላ።

ነገሩን በዓይኔ ያየሁበትን አንድ ቀን ላንሳ። በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ ባለ አንድ ማሳ፣ መስከረም ሲጋመስ፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቁራሽ መሬቶች ላይ ጉድጓድ አስቆፍሬ ነበር፤ አንደኛው ብዙ ዩሪያ የተሰጠው፣ ሌላው ጥቂት ብቻ ያገኘ። ብዙ ካገኘው ሥር፣ 60 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ ያለው አፈር በእጅ ሲጨበጥ እንደ ዱቄት ተበተነ። ጥቂት ካገኘው ሥር፣ በዚያው ጥልቀት ያለው አፈር ተድቦልቡሎ ሳይፈርስ በመዳፌ ላይ ቆየ። ከላይ ሲታዩ ግን የሚያምረው የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ያለ ሒሳብ «ብዙ» እና «ጥቂት» የሚሉት ቃላት ምንም አይነግሩንም። ዩሪያ ከመቶ 46 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ ስለዚህ በአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ ያለው ንጹሕ ናይትሮጅን 23 ኪሎ ነው። ኤንፒኤስ ከመቶ 19 እጅ ናይትሮጅን፣ 38 እጅ ፎስፌትና 7 እጅ ሰልፈር ይዟል። በዚህ መሠረት እርስዎ ለሄክታሩ 88 ኪሎ ናይትሮጅን ሰጡ፤ ጎረቤትዎ የሰጠው 32 ኪሎ ተኩል ያህል ነው።

ስንዴው የሚፈልገውስ ስንት ነው? ፍሬውና ገለባው ተደምሮ ለእያንዳንዱ ኩንታል ምርት ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ናይትሮጅን ከመሬት ይነሳል፤ እኔ በሥራዬ 2.7 እይዛለሁ። ይህን ሁሉ የሚያቀርበው ግን ማዳበሪያው ብቻ አይደለም፤ አፈሩም የራሱ ድርሻ አለው። የላይኛው 15 ሴንቲሜትር አፈር በአንድ ሄክታር ላይ ወደ 1,800 ቶን ይመዝናል። እንደ እርስዎ አካባቢ ባለ ቀላል አፈር ውስጥ አጠቃላዩ ናይትሮጅን 0.1 ከመቶ ያህል ነው ብንል፣ በመሬቱ ውስጥ 1,800 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው። አብዛኛው በብስባሹ ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ስለሆነ ለተክል አይደርስም፤ በአንድ የምርት ወቅት የሚለቀቀው ከመቶ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ይህም ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። ከምንጨምረው ማዳበሪያ ደግሞ ሰብሉ ጋ የሚደርሰው ግማሽ አይሞላም፤ በደህና አያያዝ 45 ከመቶ ብንል ከእውነቱ አንርቅም። በዚህ ስሌት የጎረቤትዎ ስንዴ ከአፈሩ 30፣ ከማዳበሪያው ደግሞ 15 ያህል፣ በድምሩ 45 ኪሎ ናይትሮጅን አገኘ፤ ይህ ለ17 ኩንታል የሚበቃ ነው፤ እርሱም ያንኑ አስገባ። የእርስዎ ስንዴ ለ25 ኩንታል የሚሆን ናይትሮጅን ነበረው፤ ለ25 ኩንታል የሚሆን ውሃ ግን አልነበረውም።

ስለዚህ ጥያቄው «ለሄክታር ስንት ኪሎ?» ከመሆኑ በፊት «ስንት ሚሊሜትር ውሃ?» ነው። ለዚህ በብዙ የደረቅ እርሻ አገሮች የሚሠራበት ቀላል ስሌት አለ፤ ፍሬንችና ሹልዝ የተባሉ ሁለት የደቡብ አውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጡት ነው። በዘር ጊዜ አፈሩ ውስጥ ያለውንና በምርት ወቅቱ የሚዘንበውን ውሃ ይደምራሉ፤ ከድምሩ 110 ሚሊሜትር ሰብሉ ሳያገኘው በቀጥታ ከአፈሩ የሚተን ነው ብለው ይቀንሳሉ፤ የቀረውን እያንዳንዱን ሚሊሜትር በ20 ኪሎ ፍሬ ያባዛሉ። ይህ እጅግ የተሳካለት ማሳ የሚደርስበት ጣሪያ ነው፤ በቀዝቃዛ የክረምት ዝናብ ላይ የተመሠረተ ስለሆነም፣ የእኛ ዝናብ በከባድ ነጎድጓድ እየወረደ ገሚሱ በጎርፍ በሚሄድበት፣ ፀሐዩም በሚበረታበት ቦታ እንዳለ አይወሰድም። እኔ ውጤቱን በግማሽ እቆርጠዋለሁ። በዚህ መንገድ 250 ሚሊሜትር የተገኘበት ዓመት 14 ኩንታል፣ 310 ሚሊሜትር የተገኘበት 20 ኩንታል፣ 380 ሚሊሜትር የተገኘበት ደግሞ 27 ኩንታል ያህል ሊሰጥ ይችላል።

እነዚህን ሦስት ዓመታት በናይትሮጅኑ ሒሳብ ብናሳልፋቸው ልዩነቱ አስገራሚ ነው። ለ14 ኩንታል የሚያስፈልገው ተጨማሪ ናይትሮጅን 18 ኪሎ ብቻ ነው፤ ይህን 100 ኪሎ ኤንፒኤስ ብቻውን ይሸፍነዋል፤ ዩሪያ ጭራሽ አያስፈልግም። ለ20 ኩንታል 53 ኪሎ ናይትሮጅን፣ ማለትም ከኤንፒኤሱ ላይ 75 ኪሎ ገደማ ዩሪያ ያስፈልጋል። ለ27 ኩንታል ስሌቱ ከ160 ኪሎ በላይ ዩሪያ ይጠይቃል፤ እኔ ግን በእርስዎ አካባቢ በጥሩ ዓመትም ቢሆን ከ100 ኪሎ ዩሪያ አላልፍም፤ ምክንያቱም ጥሩ ዓመት መሆኑን በእርግጠኝነት የምናውቀው መስከረም ሲገባ፣ ዩሪያው ደግሞ መግባት ያለበት ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ የቆየ ምክር መናገር ይገባል። በአገራችን ለረጅም ዘመን ለእህል ሰብሎች ሁሉ 100 ኪሎ ዳፕ (ናይትሮጅንና ፎስፌት የያዘ ማዳበሪያ) እና 100 ኪሎ ዩሪያ ለሄክታር ሲመከር ኖሯል፤ ይህም 64 ኪሎ ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ፎስፌት ነው። አርሲ ከማዳበሪያ ጋር ቀድመው ከተዋወቁት አካባቢዎች አንዷ ናት፤ በስዊድን ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1967 የተቋቋመው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በሕዝቡ አፍ ካዱ የሚባለው፣ ዘርና ማዳበሪያን ለገበሬው ያቀረበው እዚያው ነው። ይሁንና ጭላሎና ዴራ አንድ አይደሉም። በአርሲ ደጋው በኩል ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ዴራ 1,650 ሜትር አካባቢ ነው። ከደጋው ተነስቶ ወደ ዴራ ሲወረድ ዝናቡ ያንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ክረምቱም ቶሎ ይወጣል። ላይ የሚሠራን መጠን እንዳለ ታች ማውረድ የገበሬው ጥፋት አይደለም፤ እንደዚያ የመከርነው እኛ ባለሙያዎች ነን። ማዳበሪያ በፓኬጅ ይታደል በነበረበት ጊዜ እኔ ራሴ ዝናቡን ሳልጠይቅ ቁጥር ብቻ ተናግሬ የተመለስኩባቸው ማሳዎች ጥቂት አይደሉም።

እንግዲህ በመጪው ክረምት እንዲህ እንዲያደርጉ እመክራለሁ። በዘር ቀን 100 ኪሎ ኤንፒኤስ ይስጡ። ፎስፈረስ ሥር እንዲሰድ የሚረዳና ከተቀመጠበት ብዙም የማይንቀሳቀስ ስለሆነ፣ ለእርሱ ከዘር ቀን የተሻለ ጊዜ የለም፤ ሥር ሰዶ የወረደ ስንዴ ደግሞ የታችኛውን ውሃ ያገኛል። ከዚህ በተጨማሪ 25 ኪሎ ዩሪያ ብቻ ያክሉ፤ ባለፈው ዓመት ጥራጥሬ በነበረበት ወይም ፍግ በገባበት ማሳ ላይ እርሱም ይቅር። ዩሪያውን ግን ከዘሩ ጋር በአንድ ፈር ውስጥ አያነካኩት። ዩሪያ በአፈር ውስጥ ሲሟሟ አሞኒያ ይለቃል፤ አሞኒያው የሚበቅለውን ዘር ይጎዳል፤ ጉዳቱም እርጥበት ባነሰበት አፈር ይብሳል። ከዘሩ መስመር አራት ጣት ያህል ወደ ጎን ማድረግ ይበቃል።

የቀረው ዩሪያ ዕጣ የሚወሰነው ከተዘራ ከ35 እስከ 40 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው፤ ሰኔ 26 ለተዘራ ስንዴ ይህ ከነሐሴ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ 6 ድረስ ያለው ሳምንት ነው። በዚህ ጊዜ ስንዴው የጎን ቡቃያውን አውጥቶ ጨርሶ አገዳው ወደ ላይ ሊመዘዝ ሲል፣ ታችኛው አንጓ በጣት ሲዳሰስ መታወቅ ይጀምራል። ሰብሉ ናይትሮጅን አጥብቆ የሚስበው ከዚህ ጀምሮ ዛላ እስኪያወጣ ባለው ጊዜ ነው። እርስዎ ነሐሴ 20 የበተኑት ዩሪያ በ54ኛው ቀን የመጣ ነው፤ የዛላውና የፍሬው ብዛት በአብዛኛው ከተወሰነ በኋላ ማለት ነው።

በዚያ ሳምንት ሁለት ነገሮችን ይመልከቱ። አንደኛው የአፈሩ ውሃ ነው። ለዚህ የሚያስፈልግዎት አንድ ሜትር ከሩብ የሚሆን ባለ 8 ሚሊሜትር ፌሮ ብቻ ነው፤ አንዱ ጫፉ ለእጅ መያዣ እንዲሆን ይታጠፍ፣ ሌላው ጫፍ በሞረድ ትንሽ ይሾል። ፌሮውን በክብደትዎ ሳይመቱ ወደ መሬት ይግፉት፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ይሰርጋል፣ ደረቁ አፈር ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ድንጋይ ከሆነ ድምፁና ስሜቱ ይለያል፤ አንድ ክንድ ፈቀቅ ብለው ይድገሙት። በማሳው ውስጥ በአሥር ቦታ ለክተው አማካዩን ይያዙ። እንደ እርስዎ ባለ ቀላል አፈር፣ በእያንዳንዱ 10 ሴንቲሜትር እርጥብ አፈር ውስጥ ተክል ሊጠቀምበት የሚችል 12 ሚሊሜትር ያህል ውሃ አለ ብለው ይገምቱ፤ በዋልካ አፈር ይህ ወደ 17 ከፍ ይላል። ከዚሁ ጋር ግድግዳው ቀጥ ያለ ጣሳ ገላጣ ቦታ ላይ በእንጨት ላይ አስረው፣ በየጠዋቱ በአንድ ሰዓት ላይ የዘነበውን በማስመሪያ ለክተው በደብተር ይያዙ፤ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ያ ደብተር ከማንኛውም የውጭ ምክር ይበልጥ የእርስዎን ማሳ ያውቃል።

ፌሮው 30 ሴንቲሜትር ሳይደርስ ከቆመ ተጨማሪ ዩሪያ አይስጡ፤ ቁጭ ይበል። እስከ 60 ሴንቲሜትር ከገባና ዝናቡም ካልተቆራረጠ 50 ኪሎ ይስጡ፤ ከ80 ሴንቲሜትር በላይ ከወረደ 75 ኪሎ። ይህ እኔ በሥራ ላይ የምጠቀምበት መለኪያ ነው፤ ከአፈር አፈር ጥቂት ሊለያይ ይችላል። ከዘር ቀኑ 25 ኪሎ ጋር ሲደመር ለመካከለኛው ዓመት 75፣ ለጥሩው ዓመት 100 ኪሎ ዩሪያ ይሆናል፤ ከላይ ካሰላነው ጋር ይገጥማል። የሚገርመው፣ በጥሩው ዓመት ድምሩ 65 ኪሎ ናይትሮጅን ስለሚሆን ከአሮጌው የ64 ኪሎ ምክር ጋር እንገናኛለን፤ ልዩነቱ እኛ እዚያ የምንደርሰው ዝናቡ ሲፈቅድ ብቻ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር ስንዴው በእርግጥ ናይትሮጅን የራበው መሆኑ ነው። ለዚህ ከዘር ቀን ጀምሮ የሚዘጋጅ አንድ ዘዴ አለ። በማሳው መካከል 5 በ10 ሜትር የሆነ ቁራሽ በችካል ይለዩና በዚያ ላይ ብቻ፣ ሰብሉ በቅሎ እንደቆመ፣ 750 ግራም ዩሪያ ይስጡ፤ ይህ ለሄክታር ሲሰላ 150 ኪሎ ነው። ያ ቁራሽ «ናይትሮጅን የጠገበ ስንዴ ምን ይመስላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሆኖ ይቆምልዎታል። በ35ኛው ቀን ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና ማሳውን ሲያዩት ቁራሹ ከዙሪያው ካልተለየ፣ አፈርዎ ለጊዜው የሚበቃውን እየሰጠ ነውና ዩሪያው ይቆይልዎት። ቁራሹ እንደ ጥቁር ምንጣፍ ጎልቶ ከታየ ግን ዙሪያው ተርቧል። ከሁሉም የመስክ መሣሪያ ይህን የምወድበት ምክንያት ማንም ሳይተረጉምለት ገበሬው ራሱ አንብቦ የሚወስንበት ስለሆነ ነው።

ቢጫ ባየንበት ሁሉ ዩሪያ ማለት እንደማይቻልም ይታወቅ። የናይትሮጅን እጥረት ከታችኛው፣ ከአሮጌው ቅጠል ይጀምራል፤ ከጫፉ ተነስቶ በመሐል ጅማቱ በኩል ወደ ኋላ ይገባል። ላይኛው ለጋ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ታችኛው አረንጓዴ ከሆነ ሰልፈር ሊሆን ይችላል። ውሃ የጠማው ስንዴ እኩለ ቀን ላይ ቅጠሉን ይጠቀልላል፣ ቀለሙም ወደ አመድማ ሰማያዊ ያደላል። በጣት ሲነካ የሚበን ቢጫ ዱቄት በቅጠሉ ላይ በመስመር ተደርድሮ ካዩ ደግሞ ቢጫ ዋግ ነው፤ እርሱ ላይ ዩሪያ መጨመር የተጨናነቀና እርጥበት የሚይዝ ሰብል ስለሚፈጥር በሽታውን ያብሳል እንጂ አያድንም።

አሰጣጡም የመጠኑን ያህል ዋጋ አለው። ነሐሴ 20 ያደረጉት፣ ዩሪያውን በገጹ ላይ በትኖ መተው፣ ምናልባት ከሁሉ ስሕተት ውድ የሆነው ነው። ዩሪያ እርጥበት ሲያገኝ አፈር ውስጥ ባለ ዩሬዝ በሚባል ኤንዛይም ተሰባብሮ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፤ በዩሪያዋ ፍሬ ዙሪያ ያለው አፈርም ለጊዜው ብርቱ አልካላይን ይሆናል። ይህ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ከሆነ አሞኒያው በሸክላው ይያዛል፤ ገጹ ላይ ከሆነ ግን ከነፋሱ ጋር ይሄዳል። አስቸጋሪው ሁኔታ ጤዛ ወይም ካፊያ ፍሬዋን አሟሙቷት፣ ወደ ታች የሚያሰርግ ዝናብ ግን ሳይመጣ ፀሐይና ነፋስ ሲበረቱባት ነው፤ ያን ጊዜ ከአምስት እጁ አንዱ፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል። የተሸከሙት ከረጢት ተመዝኖ ነው፤ የጠፋው ግን አይታይምና ማንም አይቆጥረውም።

በመስመር የዘሩ በመሆንዎ መፍትሔው ቀላል ነው። ከአረሙ በኋላ፣ ከስንዴው መስመር ጎን በመቆፈሪያ ጫፍ አራት ጣት የሚያህል ጥልቀት ያለው ጭረት ያውጡ፤ ዩሪያውን እዚያ ያንጠባጥቡና አፈር ይመልሱበት። በ20 ሴንቲሜትር ርቀት ለተዘራ ስንዴ፣ 50 ኪሎ ለሄክታር ማለት ለእያንዳንዱ ሜትር መስመር አንድ ግራም ነው፤ ይህም አንድ የሾርባ ማንኪያ ለ10 ሜትር መስመር ያህል ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት መስመሮች በገመድና በማንኪያ ይለኩ፤ ከዚያ እጅ ራሱ ይለምዳል። የሰው ጉልበት ካጠረና መበተን ግድ ከሆነ፣ ደመናው ተሰብስቦ ዝናብ ሲቃረብ ይበትኑ፤ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር የሚሆን ረጋ ያለ ዝናብ ዩሪያውን ወደ ሥሩ ያወርደዋል። ጎርፍ ለሚያስከትል ዶፍ ግን አያጋልጡት፤ እርጥብ ቅጠል ላይም አይበትኑ፣ ያቃጥላል። ከሁሉ በፊት አረም። ሲናር ካለበት ማሳ ላይ ዩሪያ መስጠት ሲናርን መቀለብ ነው፤ እርሱም ከስንዴው ቀድሞ ይበላል።

ስለ ማሳዎ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዓምና ሰብሉ ሳይጠቀምበት የቀረው ናይትሮጅን ሁሉ አልጠፋም፤ ዝናቡ ቀድሞ ስለቆመ ከፊሉ በናይትሬት መልክ አፈሩ ውስጥ እንደቀረ መገመት ይቻላል። በበጋው ከባድ ዝናብ ካልጣለና አረም ካልበላው ለመጪው ሰብል ይደርሳል። መጠኑን በአፈር ምርመራ ማወቅ ቢቻል መልካም ነው፤ ካልተቻለ ግን ዘንድሮ በዚያ ማሳ ላይ የዘር ቀኑን 25 ኪሎ ዩሪያ መተውና ከላይ ያልኩትን ቁራሽ ተክሎ መጠበቅ ይበቃል። ከድርቅ ዓመት በኋላ በንዴት ማዳበሪያ መጨመርም፣ በቁጭት ጨርሶ መተውም አዘውትሬ የማያቸው ነገሮች ናቸው፤ ሁለቱም ማሳውን ሳይጠይቁ የሚወሰኑ ናቸው።

ስንዴን በስንዴ ላይ የሚደግሙ ከሆነም ያንን ያቋርጡ። ሽምብራ ወይም ምስር የነበረበት መሬት ለሚከተለው ስንዴ ናይትሮጅን ያቆያል፤ የሥር በሽታውንና የሳር አረሙንም ያሳንሳል። በእናንተ በኩል የተለመደው ቦሎቄ ከአየር የሚይዘው ናይትሮጅን ከሌሎቹ ጥራጥሬዎች ያነሰ ነው፤ ቢሆንም ቶሎ ስለሚደርስ ለአፈሩ ጥቂት እርጥበት ይተዋል፤ ይህ በዴራ ዓይነት ቦታ ቀላል ነገር አይደለም። ፍግ ካለ ወደ ኩበት ከመሄዱ በፊት የተወሰነው ለማሳው ቢሆን ምኞቴ ነው፤ ማገዶ ከየት ይምጣ የሚለውን ጥያቄ ግን ከእኔ በላይ እናትዎ ያውቁታል።

የውሃው ነገር ራሱ ቋሚ አይደለም፤ በእጅ ሊጨመር ይችላል። የሐምሌ ዶፍ ከማሳው እንዳይወጣ ከተዳፋቱ ተሻግሮ መዝራት፣ ፈሩን በየጥቂት ሜትሩ በአፈር ማሰር፣ የማሳውን ዳር በእርከን መያዝ 30 ወይም 40 ሚሊሜትር ውሃ ቢያስቀር፣ ከላይ ባየነው ስሌት ይህ የ3 ወይም የ4 ኩንታል ያህል ነው። እንደ ኪንግበርድ ያሉ ቶሎ የሚደርሱ ዝርያዎችም ዝናቡ ሳይወጣ ፍሬያቸውን ስለሚሞሉ፣ ተመሳሳዩ ዩሪያ በእነርሱ ላይ የተሻለ ይከፍላል። ዋጋውን ሲያመዛዝኑ የዕለቱን የአንድ ከረጢት ዩሪያ ዋጋ በአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋ ያካፍሉ፤ ከረጢቱ ከዋጋው እጥፍ የሚያወጣ ስንዴ ያስገኛል ብለው ካላመኑ በደረቅ አካባቢ አደጋውን መሸከም አይገባም።

በመጨረሻ ስለ ረጋው ከረጢት። ዩሪያ የሚረጋው ከአየር እርጥበት ስለሚስብ እንጂ ስለተበላሸ አይደለም፤ ከረጢቱ ካልተቀደደና ውሃ ገብቶ ካላሟሟው ናይትሮጅኑ አለ። በሸራ ላይ ዘርግታችሁ በእንጨት ቀጥቅጡት፣ በወንፊት ንፉት፤ አንኳር የቀረበት ዩሪያ በመስመር ሲሰጥ አንዱን ቦታ አቃጥሎ ሌላውን ያስርባል። ከዚያ በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳው አራርቃችሁ፣ ከዘርና ከምግብ እህል ለይታችሁ አስቀምጡት። ከብቶች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን፤ ጨው መስሏቸው የላሱ በሬዎች ሲሞቱ አይቻለሁ። ለመጪው ነሐሴ የሚያስፈልግዎት 50 ኪሎ ያው እርሱ ነው፤ ፌሮው 60 ሴንቲሜትር ከገባልዎት አዲስ ሳይገዙ ይጠቀሙበት።